እህቴ ዳኛ ሆና ተሾመች፣ እማዬ ግን «ብርቱካንን አትርሺ» አለቻት። ስለ ብርቱካን ሚደቅሳ የምታውቁ እስቲ ንገሩኝ

የጊንጆዋ፦

ሰላም ጤና ይስጥልኝ ወገኖች፣ ትንሽ ረዘም ይላል ታገሱኝ። ታናሽ እህቴ እዚሁ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምራ ጨርሳ ስልጠናውንም ወስዳ አሁን ዳኛ ሆና ተሹማለች፣ የተመደበችው ከጅማ ወጣ ብሎ ያለ አንድ ወረዳ ፍርድ ቤት ነው። ዜናውን ይዛ የመጣችው እሁድ ጠዋት እማዬ ቡና እየቆላች ነው። እኔ እልል ልል ስነሳ እማዬ ብረት ምጣዱን ከከሰሉ ላይ አወረደችው፣ ቡናው ገና መልኩን እንኳን አልቀየረም፣ ማማሰያውን እንደያዘች ዝም አለች። ከዛ ቀና ብላ «ልጄ ብርቱካንን አትርሺ፣ እናቷንም አትርሺ» አለቻት። በቃ ሌላ ቃል የለም። ቡናውም ሳይፈላ ቀረ፣ እኛ ቤት እሁድ ቡና ሳይፈላ የቀረበትን ቀን እኔ አላስታውስም።

ብርቱካን የምትለው ብርቱካን ሚደቅሳን ነው። እሷ ስትታሰር ልጅ ስለነበርኩ እኔ የማውቃት በ2013ቱ ምርጫ የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆና ቲቪ ላይ ረጋ ብላ ስትናገር ነው። እማዬ ደሞ ስለሷ ስትጠየቅ የምታወራው ቃሊቲን ብቻ ነው፣ እናቷ ስንቅ ይዘው ሲመላለሱ፣ ትንሿ ልጇ በአያቷ እጅ ተይዛ ስትሄድ፣ ይሄ ነው ልቧ ውስጥ የቀረው። እህቴ ከዛን ቀን ጀምሮ ፊቷ ጠቁሯል። መሄዱን ትሄዳለች እሱ ጥያቄ የለውም፣ ግን እናቷ ሳትመርቃት መሄድ አልፈለገችም፣ እኔም እማዬን በምን ቋንቋ እንደማስረዳት ጨነቀኝ። እና እድሜ ያላችሁ ወይ ሕግ የተማራችሁ፣ ሴትየዋ ዳኛ እያለች በትክክል ምን ነበር ያደረገችው? ሁለቴ የታሰረችውስ ለምንድነው? ያ ሁሉ ከደረሰባት በኋላ ተመልሳ የመንግሥት ወንበር ላይ መቀመጧንስ እንዴት ነው የምታዩት? ስድብና ዘር ቆጠራ ያለበት መልስ እባካችሁ ይቅርብኝ።

ጠበቃ ከአጂፕ፦

እህቴ በቅድሚያ እንኳን ደስ አላችሁ። እኔ ሕግ ስማር አስተማሪያችን ዋስትናን ያስጀመረን በሷ መዝገብ ነው ስለዚህ የዳኝነቱን እኔ ልንገርሽ።

ጊዜው 1990ዎቹ መጀመሪያ ነው፣ ህወሓት ለሁለት በተሰነጠቀ ማግስት። ከተሸነፈው ወገን የነበሩት የቀድሞው መከላከያ ሚኒስትር ስዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው ታሰሩና ጉዳያቸው ፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት እሷ ችሎት ቀረበ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 6 የተያዘ ሰው በዋስ የመፈታት መብት አለው ይላል፣ ፍርድ ቤት የሚከለክለው ሕግ በደነገገው ልዩ ሁኔታ ብቻ ነው። ያኔ በሙስና የተጠረጠረ ሁሉ ዋስትና አያገኝም የሚል ሕግ አልነበረም። እሷም በዋስ ይፈቱ አለች። ሃያዎቹ መጨረሻ ላይ ያለች ወጣት ዳኛ ናት እንግዲህ፣ ማን ምን እንደሚፈልግ አገር ሁሉ እያወቀ። ሰውየው ከፍርድ ቤቱ ሳይርቁ እዛው ደጅ ላይ መልሰው ያዟቸው። ብዙም ሳይቆይ በሙስና የተጠረጠረ ሰው ዋስትና የለውም የሚል አዋጅ ወጣ፣ ስዬም ስድስት ዓመት ገደማ ታሰሩ።

ሰው የሚዘነጋው ግን ይሄን ነው። እሷ ሰውየው ንጹህ ናቸው አላለችም፣ ደጋፊያቸውም አልነበረችም። ያለችው ዛሬ ባለው ሕግ ዋስትና ይገባቸዋል ነው። ፖለቲካ ውስጥ የገባችው ወንበሩን ከለቀቀች በኋላ ነው፣ ዳኛ እያለች የሠራችው ሥራ የዳኛ ሥራ ነው። ለእናትሽ ይሄን አስረጂልኝ፣ ምክንያቱም «ፖለቲካ ውስጥ አትግቢ» ብለው ከሆነ የሚመክሩት እህትሽ ባትገባም አንድ ቀን እንዲህ ዓይነት መዝገብ ጠረጴዛዋ ላይ ይመጣል፣ ወረዳም ቢሆን ይመጣል። የመሬት ክርክር ይሆናል፣ የባለሥልጣን ዘመድ ይሆናል።

አንድ የራሴን ልጨምር። የዛሬ ስንት ዓመት አንድ ደንበኛዬን ፍርድ ቤት በዋስ ፈታልኝ፣ የመፍቻ ትእዛዙን ክብ ማህተም ያረፈበትን ወረቀት ይዤ ወደታሰረበት ቦታ በባጃጅ በረርኩ። ተረኛው ወረቀቱን አነበበው፣ አገላበጠው፣ ጀርባውን ሁሉ አየው፣ ከዛ «ነገ ና» አለኝ። ነገ ሄድኩ፣ ደሞ ነገ። አምስት ቀን ሙሉ ያቺን ወረቀት በኪሴ ይዤ ተመላለስኩ፣ እጥፋቱ ላይ ቀለሙ ለቀቀ። የደንበኛዬ ሚስት እርጉዝ ነበረች፣ በር ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀኛለች፣ ዓይኗን ማየት አልቻልኩም። ዳኛ የጻፈው ሳይፈጸም ሲቀር ምን እንደሚመስል ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ብርቱካን ደሞ ያንን ያየችው በራሷ ትእዛዝ፣ በራሷ ፍርድ ቤት ደጅ ነው።

መምህር ነበርኩ፦

ልጄ፣ እናትሽ የፈሩት እውነት ስለሆነ አትቆጪያቸው። እኔ የሰባት ዓመት ጡረተኛ ነኝ፣ ግንቦት 7 ቀን 1997 ጅማ ላይ ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምሮ ነው የተሰለፍኩት፣ ጋቢ ለብሼ፣ ከፊቴ ያለችው ሴትዮ ልጅ አዝላ ነበር፣ እስከ ረፋድ ቆመናል ማንም አላማረረም። እንደዛ ዓይነት ቀን ደግሜ አላየሁም።

ብርቱካን ያኔ የተቃዋሚዎቹ ጥምረት የቅንጅት ምክትል ሊቀመንበር ነበረች። ከዛ በፊት ቀስተ ደመና በሚባለው ፓርቲ ውስጥ ነው የጀመረችው፣ እነ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደማርያምና ዶክተር ብርሃኑ ነጋ ያሉበት። ምርጫው አወዛገበ፣ ሰው ሞተ፣ በ1998 መጀመሪያ መሪዎቹ ሁሉ ተለቅመው ገቡ። ሐምሌ 1999 የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸውና በዛው ወር በሽማግሌዎች ሽምግልና በይቅርታ ወጡ። ሌሎቹ አንዳንዱ ውጭ ሄደ አንዳንዱ እርስ በርሱ ተጣላ፣ ቅንጅት ፈረሰ። እሷ ግን እዚሁ ቀርታ በ2000 አንድነት የሚባለውን ፓርቲ አቋቁማ ሊቀመንበር ሆነች። በኛ አገር ትልቅ ተቃዋሚ ፓርቲ የመራች ሴት ከሷ በፊት አላየንም።

ሁለተኛው እስር ነው ሰውን ያስለቀሰው። ስዊድን ሄዳ ይቅርታው እንዴት እንደመጣ ለተሰበሰበ ሰው ተናገረች። ስትመለስ መንግሥት ይቅርታ አልጠየቅኩም ብለሻል፣ በሦስት ቀን ውስጥ አስተባብዪ አላት። እሷ «ቃሌ» ብላ ጽሑፍ አወጣች። አንድ ወዳጄ ከአዲስ አበባ ፎቶኮፒውን አጥፎ ጫማ ካርቶን ውስጥ አድርጎ አመጣልኝ፣ ሌሊት ባለቤቴ ተኝታ ኩራዝ ለኩሼ (መብራት ጠፍቶ ነበር) ሁለቴ አነበብኩት። ወረቀቱን መፈረሟን አልካደችም፣ ግን ነገሩ በሽምግልና እንዴት እንደተከናወነ ያወቀችውን ጻፈች። «ተሳስቻለሁ» የምትል አንዲት ቃል ጽፋ ቤቷ መተኛት ትችል ነበር። ታህሳስ 2001 ወሰዷት፣ የዕድሜ ልኩም ፍርድ ተመለሰ። ለብዙ ጊዜ ብቻዋን ነው የታሰረችው፣ እንዲጠይቋት የተፈቀደላቸው እናቷና ትንሿ ልጇ ብቻ ነበሩ፣ ጓደኛ የለ የፓርቲ ሰው የለ ጠበቃ እንኳን እንደልብ የለ። አምነስቲ የሕሊና እስረኛ ብሎ ጮኸላት። የወጣችው መስከረም 2003 ነው፣ የ2002ቱ ምርጫ አልፎ ገዢው ፓርቲ ወንበሩን ጠቅልሎ ከወሰደ በኋላ።

አንድ ነገር ልንገርሽ ለእናትሽም ንገሪያቸው። እሷ ውስጥ እያለች አንድነት ፓርቲን የተቀላቀሉት እነማን መሰሉሽ፣ የቀድሞው ፕሬዚዳንት ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳና ስዬ አብርሃ። አዎ ያው ስዬ፣ እሷ በዋስ የፈታቻቸው። እኔ ይሄን በሬዲዮ ስሰማ እጄ ላይ የነበረውን ስኒ አስቀምጬ ለረጅም ጊዜ ተቀመጥኩ።

የቦሳ ቂጦ ልጅ፦

ጋሼ እድሜ ይስጥልኝ፣ አንጀቴን ነው የበሉት። የጊንጆዋ እኔ ሕግ አላውቅም ታሪክም እንደጋሼ አላውቅም፣ ግን ሰኔ 14 ቀን 2013 እዚህ ጅማ አንድ ምርጫ ጣቢያ ላይ አስፈጻሚ ነበርኩ፣ ስለዛ ቀን ማንም ሊነግርሽ ከሚችለው በላይ እኔ ልንገርሽ።

ስልጠና ስንወስድ አሰልጣኙ ደጋግሞ የሚለን ነገር የሳጥኑን ማሸጊያ ቁጥር ጮክ ብላችሁ አንብቡ፣ ታዛቢው ይጻፈው ነው። ጠዋት በጨለማ ገባን፣ ሳጥኑን ገልብጠን ባዶ መሆኑን ለሁሉም አሳየን፣ ቁጥሩን እኔ ነኝ ያነበብኩት፣ ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሰኔ ነው ጅማን ታውቋታላችሁ፣ ዝናቡ ከረፋድ ጀምሮ ወረደ፣ ሰልፈኛው ፌስታል ራሱ ላይ አድርጎ ቆመ፣ ወለሉ ጭቃ ሆነ፣ እኔ ጣት ላይ ቀለም የምቀባ ስለነበርኩ ስንቱን የረጠበ ጣት በሶፍት አድርቄ እንደቀባሁ አልቆጥረውም። አንዲት እናት እጃቸው በቡና ለቀማ የሻከረ ቀለሙ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ «ይሄ መቼ ይለቃል ልጄ» አሉኝ። ማታ 12 ሰዓት ልንዘጋ ስንል ብርቱካን በቲቪ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ተራዝሟል አለች፣ የኛ ሰልፍ ገና አላለቀም ነበር፣ እውነቴን ነው ደከመኝ ግን ደስ አለኝ፣ ምክንያቱም ከጠዋት ጀምሮ ቆመው የነበሩትን ሂዱ ማለት ነበረብኛ። ቆጠራው ሌሊት ነው ያለቀው፣ በስልክ መብራት ጭምር፣ ውጤቱን ፈርመን በሩ ላይ ለጠፍነው። ጠዋት ስመለስ ሰዎች ወረቀቱ ላይ ተደፍተው ሲያነቡ አየሁ፣ የራሳቸውን ጣቢያ ቁጥር በራሳቸው ዓይን።

እሷ ስትመጣ እኮ ቦርዱ ስሙ እንዴት እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን፣ በፊት የቀበሌ ሰው ነበር ሁሉን የሚሠራው። አዲሱ የቦርዱ አዋጅ 1133 እና የምርጫው አዋጅ 1162 በ2011 ወጥተው ነው ነገሩ ከስሩ የተቀየረው። ብርቱካንን በአካል አይቻት አላውቅም፣ ግን ያን ቀን ማንም መጥቶ እንዲህ አድርጊ ያለኝ የለም።

ከአጋሮ፦

እህቴ የቦሳ ቂጦ ያንቺን ጣቢያ አልጠራጠርም፣ ግን የጊንጆዋ ሁሉንም ትስማ። እኔ ብርቱካንን ከልቤ አከብራታለሁ፣ ለዚህ ነው የሚያናድደኝ። ሰኔ 14 እኔም ተሰልፌ ወረቀቱን ሲሰጡኝ ልመርጠው የፈለግኩት ፓርቲ አልነበረበትም። የኦሮሞ ፓርቲዎቹ ኦፌኮም ኦነግም አልተወዳደሩም፣ መሪዎቻቸው ታስረው ቢሮዎቻቸው ተዘግተው ወጥተናል አሉ። ሳጥኑ ባዶ መሆኑን አሳያችሁን፣ እሺ፣ ግን ሳጥኑ ውስጥ የሚገባው ምርጫ ራሱ ባዶ ነበር እኛ አካባቢ። ሐምሌ 3 ውጤቱን ስታነብ ብልጽግና ከ436 ወንበር 410 አገኘ። ትግራይ ምርጫ የለም ጦርነት ነው። በተቃዋሚነት ሁለቴ የታሰረች ሴት ይሄን ውጤት ታንብብ? እኔ ያቺን ቀን ቲቪውን አጠፋሁት። ቦርዱ ሰው አይፈታም ቢሮ አያስከፍትም ትሉኛላችሁ፣ አውቃለሁ። ግን እንደዛ ከሆነ ለምን ተቀበለች የሚለው ጥያቄ ቦታው ላይ ነው ያለው።

ጠበቃ ከአጂፕ፦

ከአጋሮ ወንድሜ የኦፌኮና የኦነግ ጉዳይ ላይ መልስ የለኝም፣ ያልከው እውነት ነው፣ እኔም ያን ጊዜ የተሰማኝ እንደሱ ነው።

ግን አንድ ነገር እይልኝ። በዛው ምርጫ ባልደራስ ፓርቲ እስር ላይ ያሉ እነ እስክንድር ነጋን እጩ አድርጎ ሲያቀርብ ቦርዱ አልመዘግብም አለ። ፓርቲው ከሰሰ፣ ነገሩ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት ደረሰና ይመዝገቡ ተብሎ ተወሰነ። ቦርዱ መጀመሪያ ወረቀቱ ታትሟል ጊዜ የለም ብሎ ነበር፣ እኔ ያኔ በጣም ነው የተናደድኩት፣ በገዛ ትእዛዟ ደጅ ላይ የደረሰባትን እሷ ልትደግመው ነው ወይ አልኩ። በመጨረሻ ግን መዘገቧቸው፣ ከእስር ቤት ሆነው ተወዳደሩ። ምርጫው ሊደርስ ቀናት ሲቀሩት የፍርድ ቤት ትእዛዝ የመንግሥት ተቋምን ሲያዝዝና ሲፈጸም በኛ አገር ስንቴ አይተሃል? እኔ በጠበቃነቴ በጣት የሚቆጠር ነው ያየሁት።

የሄርማታ እናት፦

ልጆች እኔ ስታይል አላውቅም በልጄ ስልክ ነው የምጽፈው። ያን ጊዜ በ2011 ጥቅምትና ኅዳር ላይ ሬዲዮ ከፍቼ ስውል ትዝ ይለኛል። ካቢኔው ግማሹ ሴት ሆነ፣ ሳህለወርቅ ዘውዴ ፕሬዚዳንት ሆኑ፣ በሳምንቱ መዓዛ አሸናፊ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ፣ ከዛ ኅዳር ላይ ብርቱካን ከአሜሪካ ተመልሳ ቦርዱን ያዘች። አሜሪካ ሃርቫርድ ገብታ ማስተርሷን ሠርታ፣ ኑሮዋን ይዛ፣ ልጇን እያሳደገች ነበር እኮ፣ ማን አስገደዳት። ገበያ ውስጥ ቅመም የምንሸጥ ሴቶች እርስ በርሳችን «ሰማሽ» ስንባባል ነው የዋልነው። አንዷ ጓደኛዬ ሴት ልጇን ከስምንተኛ ክፍል አስወጥታ ልትድር ተስማምታ ነበር፣ እሱን ሰሞን ተወችው፣ በብርቱካን ነው አልልም ግን በዛ ሰሞን ነው የተወችው። ልጅቷ ዘንድሮ ነርስ ሆነች።

ሰኔ 2015 በጤናዬ ምክንያት ለቅቄያለሁ ስትል ደሞ አዘንኩ። አራት ዓመት ተኩል ነው የሠራችው፣ ምርጫው ብቻ አይደለም፣ የሲዳማን ሕዝበ ውሳኔ፣ ከዛ እዚሁ ጎረቤታችን እነ ቦንጋ እነ ሚዛን ደቡብ ምዕራብ ክልል የሆኑበትን ሕዝበ ውሳኔ። ቦንጋ ያለችው እህቴ መስከረም 20 ቀን 2014 ድምፅ ሰጥታ ስትደውልልኝ ታለቅስ ነበር በደስታ። ሰው ሥራው ሲከብደው ታምሜያለሁ ብሎ ወንበሩን በጊዜ መልቀቁም ትልቅ ነገር ነው፣ እዚህ አገር ወንበር እንዴት እንደሚለቀቅ ታውቃላችሁ።

ለእናትሽ ሰላም በይልኝ። እኔም እናት ነኝ፣ እንኳን ቃሊቲ ጅማ ፖሊስ ጣቢያም ለልጄ ስንቅ መውሰድ አልፈልግም። ግን ልጅሽ ዳኛ ሆና ሰው ፊቷ ቆሞ ሲያለቅስ ማን እንዲያየው ትፈልጊያለሽ በያቸው።

የጊንጆዋ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አላህ ይስጥልኝ፣ ትናንት ማታ ሁሉንም ለእማዬ አነበብኩላት። ስልኩን እያበራሁ ጎኗ ተቀምጬ፣ እህቴ ደሞ በሩ ጋ ቆማ። መምህሩ የጻፉትን ሳነብ እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ነበር፣ ስዬ የገባበት ፓርቲ ላይ ስደርስ «ቆይ መልሰሽ አንብቢው» አለችኝ፣ መልሼ አነበብኩት። የከአጋሮን ሳነብ «እውነቱን ነው» አለች። የጠበቃው አምስት ቀን ላይ ደሞ ስለ እርጉዟ ሴትዮ ጠየቀችኝ፣ ልጅቷ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ከረመች ወይ አለች፣ ወለደች ወይ አለች። ጠበቃው ይሄን ካየህ መልስልኝ፣ እስካሁን እየጠየቀችኝ ነው።

ከዛ እህቴን ነው የጠየቀቻት፣ «አንቺ ፍቱት ብለሽ ባይፈቱት ምን ታደርጊያለሽ» አለቻት። እህቴ ትንሽ ዝም አለችና «ለምን አልፈታህም ብዬ ያላስፈጸመውን ሰው ችሎት አስጠራዋለሁ፣ ደግሜ እጽፋለሁ» አለች። እማዬ ቀና ብላ አየቻት፣ ምንም አልመለሰችም።

ዛሬ ጠዋት ስነሳ ጓዳ ውስጥ በሶ እየፈጨች አገኘኋት፣ ቆሎም ቆልታ በፌስታል ቋጥራለች፣ ከጎኑ የታሰረ የቡና ጥቅል፣ ያ እሁድ ያወረደችው ቡና ነው፣ ቆልታ ጨርሳዋለች። ሐሙስ የገበያ ቀን ስለሆነ መኪና ይጨናነቃልና ረቡዕ በጠዋት ከመናኸሪያ እንሸኛታለን፣ እማዬም እመጣለሁ ብላለች።